ከወር አበባ ጋር የሚመጣ የሆድ መነፋት፦ ሁልጊዜ ጨጓራ ላይሆን ይችላል

ጅማ፦ ሆድ ሲነፋና ሲያም በቅድሚያ የሚጠረጠሩት ጨጓራ፣ አሜባና የሆድ ትላትል ናቸው። ጥርጣሬው ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ መነፋቱ የወር አበባ በቀረበ ቁጥር የሚብስና ደሙ ሲቆም የሚቀንስ ከሆነ ሊታሰብ የሚገባው ሌላ ሕመም አለ፤ ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል።

ሕመሙ የሚከሰተው የማሕፀንን ውስጠኛ ግድግዳ ከሚሸፍነው ጋር የሚመሳሰል ሕብረ ሕዋስ ከማሕፀን ውጭ ሲያድግ ነው። በእንቁላል ማምረቻዎች፣ በማሕፀን ቱቦዎች፣ በአንጀት ወይም በሽንት ፊኛ ላይ ሊገኝ ይችላል። በየወሩ የሚለዋወጡት ሆርሞኖች ስለሚነኩት ያብጣል፤ ሊደማም ይችላል። የማሕፀን ደም በወር አበባ ይወጣል፤ ይህኛው ግን መውጫ ስለሌለው አካባቢውን ያስቆጣል፤ ውሎ አድሮም ጠባሳ ፈጥሮ የውስጥ አካላትን እርስ በርስ ሊያጣብቅ ይችላል። በአቅራቢያው ያለው አንጀትም ሥራው ሲስተጓጎል ሆድ ይወጠራል፤ ድርቀት ወይም ተቅማጥም ሊከተል ይችላል።

በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በሌሎች የጅማ ዞን ቡና አብቃይ አካባቢዎች ይህ ሸክም በለቀማ ወቅት ይከብዳል። ቅርጫት ወገብ ላይ አስሮ ሲለቅሙ መዋል፣ እሸት ቡናውንም ተሸክሞ ወደ መፈልፈያ ጣቢያ ማድረስ ለተወጠረ ሆድ ቀላል አይደለም። በለቀመችው ኪሎ የሚከፈላት ሴት በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን ከተኛች ገቢዋ ይጎድላል። ሕመሙ ከውጭ ስለማይታይም በስንፍና ልትታማ ትችላለች።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በመውለድ ዕድሜ ላይ ከሚገኙ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም በዓለም ዙሪያ 190 ሚሊዮን የሚሆኑት፣ ይህ ሕመም አለባቸው። ብዙዎቹ የሕመማቸውን ስም ሳያውቁ ዓመታት ያልፋሉ። «ስትወልድ ይለቃታል» የሚለው አባባልም ለመዘግየቱ አንድ ምክንያት ነው። እርግዝና ሕመሙን ለጊዜው ሊያስታግስ ቢችልም ፈውስ አይደለም። እንዲያውም ኢንዶሜትሪዮሲስ ለማርገዝ መቸገርን ከሚያስከትሉ ሕመሞች አንዱ ነው።

ምን ማድረግ ይቻላል?

የመጀመሪያው ርምጃ ገንዘብ አይጠይቅም። የወር አበባ የመጣበትን፣ ሆድ የተነፋበትንና ሕመሙ የጠናበትን ቀን ለሁለት ወይም ለሦስት ወራት መመዝገብ፣ አለዚያም በቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ማድረግ ነው። በሽንት፣ በሠገራ ወይም በግንኙነት ጊዜ የሚሰማ ሕመም ካለም ሳያፍሩ መናገር ይገባል። ይህ መረጃ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ሆነች ጤና ጣቢያው ታማሚዋን ወደ ሆስፒታል ለመላክ እንዲወስኑ ይረዳል። ለአካባቢው ከፍተኛ ሕክምና የሚሰጠው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው። አልትራሳውንድ በእንቁላል ማምረቻ ላይ የተፈጠረን ከረጢት ሊያሳይ ይችላል፤ ምንም አለማሳየቱ ግን ሕመሙ የለም ማለት አይደለም።

ሕመሙን ከሥሩ የሚነቅል መድኃኒት እስካሁን ባይገኝም ማስታገስ ይቻላል። አይቡፕሮፌን ሕመምን ይቀንሳል፤ ሆኖም ጨጓራን ሊጎዳ ስለሚችል ከምግብ በኋላና በባለሙያ ምክር መወሰድ አለበት። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል፣ መርፌና በክንድ የሚቀበረው ዘዴም ሕመሙን ሊያረግቡ ይችላሉ። ላላገባች ልጃገረድ ቢታዘዙ እንኳ የሚሰጡት ለሕክምና መሆኑን ቤተሰብ ሊረዳ ይገባል። ልጅ የምትፈልግ ሴት ግን ይህንኑ አስቀድማ ለሐኪሟ መንገር ይኖርባታል። በመድኃኒት ያልተሻላትን ቀዶ ሕክምና ሊረዳት ይችላል። ቤት ውስጥም ሆድን በሙቅ ውኃ ማሞቅ፣ መነፋቱ በሚበረታባቸው ቀናትም ምግብን በጥቂት በጥቂቱ መመገብና ባቄላና አተርን መቀነስ ለአንዳንዶች እፎይታ ይሰጣል።

ድንገተኛ ብርቱ ሕመም፣ ትኩሳት ወይም ራስን መሳት ካለ፣ በተለይም የወር አበባ ከቀረ፣ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። የወር አበባዋ ባቆመ ሴት ላይ ለሳምንታት የማይለቅ የሆድ መነፋትም የሌላ ከባድ በሽታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ መመርመር አለበት።