በመልእክተኛ የሚመጣ መድኃኒት

በ2017 ዓ.ም. በምናስተምርበት ቀበሌ አንዲት እናት ከመቀነታቸው ፈትተው የክኒን ፓኬት አሳዩን። የደም ግፊት መድኃኒት ነው። ቁጥሩን በጣታቸው እየተከተሉ «06፣ 2024» ብለው አነበቡ። ንባቡ ልክ ነው። ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው ገና ሰባት ዓመት ይቆይልኛል» አሉ። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። በፓኬቱ ላይ የታተመው የአውሮፓ አቆጣጠር ነው። መድኃኒቱ ያበቃለት በእኛ አቆጣጠር በሰኔ ወር 2016 ዓ.ም. ነበር።

መድኃኒቱን የላከላቸው ከተማ የሚኖረው ልጃቸው ነው። ሻጩን የሚያውቀው በስልኩ ላይ ባየው ማስታወቂያ ብቻ ነው። በስልክ አዘዘ፣ ሞተር ብስክሌት የሚነዳ ልጅ ደጁ ድረስ አመጣለት፣ እሱም ሳይፈታው በአውቶቡስ ወደ እናቱ ላከው። ያን ያህል እጅ ሲያልፍ አንድም ሰው አላነበበውም።

በሬ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ያያል። ጤፍ የሚገዛ በመዳፉ ያሻል፤ ቅቤ የሚገዛም ያሸታል። ክኒን ግን ቢያገላብጡትም ቢያሸቱትም ምንም አይናገርም። ደኅናውና ሐሰተኛው በመልክ አንድ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ መድኃኒት የሚጠበቀው በገዢው ዓይን ሳይሆን በሕግና በመዝገብ ነው። ሰው ይህን የተማረው ብዙ ሕይወት ከጠፋ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ አገር የሆነውን እንመልከት። ሰልፋኒላማይድ የሚባል የጉሮሮ ቁስለትን የሚያድን መድኃኒት ነበረ። ዱቄቱ በውሃ አልሟሟ ስላለ አንድ ፋብሪካ ዳይኢትሊን ግላይኮል በሚባል ፈሳሽ አሟሟውና የእንጆሪ ጣዕም ጨመረበት። ፈሳሹ ኩላሊት የሚያጠፋ መርዝ ነው። ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነሱም ውስጥ ሕፃናት ነበሩ። የሚገርመው፣ የዚያን ጊዜው ሕግ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ይመርመር አይልም ነበር። መንግሥት ለመያዝ ያገኘው ምክንያት የመድኃኒቱ ስም ብቻ ነው። «ኤሊክሲር» ተብሎ የሚሸጥ ነገር አልኮል ሊኖረው ሲገባ ይኸኛው አልነበረውም! ተቆጣጣሪዎቹ የሽያጭ መዝገብና ደረሰኝ ይዘው ከከተማ ከተማ፣ ከቤት ቤት ዞሩ። ከተሠራው 240 ጋሎን ውስጥ አብዛኛውን የሰበሰቡት በዚሁ መንገድ ነው። የገዢው ስም ባልተጻፈበት ቦታ ግን ፍለጋው ከባድ ነበር። በዓመቱ፣ በ1938፣ መድኃኒት ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ጉዳት እንደሌለው ይረጋገጥ የሚል ሕግ ወጣ።

ይህ የጥንት ታሪክ ነው የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በጋምቢያ ከ60 በላይ ሕፃናት በኩላሊት ጉዳት ሞተዋል። የዓለም የጤና ድርጅት በአራት ዓይነት የሳልና የጉንፋን ሽሮፖች ውስጥ ያው መርዝ መገኘቱን በዚያው ዓመት አስታወቀ።

በስልክ ወይም በኢንተርኔት ታዝዞ የሚመጣ መድኃኒት በራሱ ክፉ አይደለም። መንቀሳቀስ ለማይችል በሽተኛ እኮ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን መንገዱ ራሱ መድኃኒቱን ሊያበላሸው ይችላል። ለስኳር በሽተኞች የሚሰጠው ኢንሱሊን ሳይከፈት የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ነው። በረዶ ከሠራም ይበላሻል። ቀትር ላይ በሞተር ብስክሌት ሣጥን ውስጥ ሲንገላታ የዋለ ኢንሱሊን ለዓይን ከደኅናው ላይለይ ይችላል፤ የሚታወቀው የበሽተኛው ስኳር አልወርድ ሲል ነው። ደግሞም በመድኃኒት ቤት ያለው ባለሙያ «ነፍሰ ጡር ነሽ ወይ? ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ሞተር ነጂው ይህን ሊጠይቅ አይችልም፤ ሥራውም አይደለም። ስለዚህ ከመላኩ በፊት ባለሙያው ደውሎ ሊጠይቅ ይገባል።

በአገራችን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ያልተመዘገበ መድኃኒት ለገበያ እንዳይቀርብ ይከለክላል፤ ነጋዴውም ፈቃድ ሊኖረው ግድ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በኢንተርኔት መድኃኒት የሚሸጥ ቤት ሁሉ አንድ ዓይነት ምልክት እንዲያሳይ ታዟል። ምልክትማ ማንም ሊሥል ይችላል። ቁም ነገሩ፣ ምልክቱ ሲነካ ፈቃድ ያላቸው ቤቶች ስም ወደ ሰፈረበት የመንግሥት ዝርዝር መውሰዱ ነው። እዚያ ስሙ የሌለ ቤት ምልክቱን ሰርቆታል ማለት ነው። እኛም የቤቱን ስምና ቦታ፣ የባለሙያውን ስም መጠየቅ እንችላለን። ይህን የማይናገር ሻጭ ነገ መድኃኒቱ መጥፎ ሆኖ ቢገኝ የት ይገኛል?

ፓኬቱ ሲደርስ ሦስት ነገር ይፈለግ፤ የተሠራበት ቀን፣ የሚያበቃበት ቀንና የምድብ ቁጥር። የምድብ ቁጥሩ የተበላሸውን ምድብ ለይቶ ለመሰብሰብ ያገለግላል። ከሁለቱ ቀኖች ዘግይቶ የሚውለው የማብቂያው ነው። የወሩ ቁጥር ከ01 እስከ 08 ከሆነ ከዓመቱ 8 ይቀነሳል፤ ከ09 እስከ 12 ከሆነ 7 ይቀነሳል። ውጤቱ የእኛ ዓመት ነው።

እኚያ እናት ይህን ስናስረዳቸው፣ «ታዲያ በእኛው አቆጣጠር ለምን አይጽፉትም ልጆቼ?» አሉን። ብዙው ከውጭ አገር የሚመጣ ስለሆነ ነው አልናቸው፤ መልሱ እኛንም አላረካንም። በማግሥቱ ጤና ጣቢያ አብረናቸው ሄድን። ግፊታቸው ተለካ፣ ከፍ ብሎ ተገኘ፣ አዲስ መድኃኒት ተሰጣቸው። ፓኬቱን እንደተቀበሉ ወደ ብርሃን አዙረው አዩና፣ «ወሩ 11 ነው፤ ሰባት ነው የምቀንሰው» አሉ።