ደባል አጫሽነት

ደባል አጫሽነት ራሱ የማያጨስ ሰው፣ ሌላው የሚያጨሰውን የትምባሆ ጭስ ሳይወድ መተንፈሱ ነው። ጭሱ ከሁለት ቦታ ይመጣል፦ አጫሹ ስቦ ከሚያስወጣው አየርና ከሚነደው የሲጋራ ጫፍ። በዝግ ክፍል ውስጥ የሚበዛው ከጫፉ የሚወጣው ነው። በትምባሆ ጭስ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች ይገኛሉ፤ ከእነዚህም ወደ 70 የሚጠጉት ካንሰር ያስከትላሉ።

የጤና ጉዳት

በቤት ወይም በሥራ ቦታ ለጭሱ የሚጋለጥ የማያጨስ ሰው በልብ ሕመም የመያዝ ዕድሉ ከ25 እስከ 30 በመቶ ይጨምራል። ጥቂት ጭስም ቢሆን የደም ሥሮችን የውስጥ ሽፋን ይጎዳል፣ ደም እንዲረጋም ያደርጋል። የሳንባ ካንሰርና ስትሮክም ከዚሁ ጋር ይያያዛሉ። ሕፃናት ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍሱና ሳንባቸው ገና ስላልጠነከረ ለአስም፣ ለሳንባ ምችና ለጆሮ ሕመም ይበልጥ ይጋለጣሉ። ነፍሰ ጡር ሴት ከተጋለጠች ልጁ ክብደቱ አንሶ ሊወለድ ይችላል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ የማያጨሱ ሰዎች በዚህ ምክንያት ይሞታሉ።

ሕግ በኢትዮጵያ

ኢትዮጵያ የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነትን በ2006 ዓ.ም. አጽድቃለች። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ በዝግ የሥራ ቦታዎች፣ በሕዝብ መገልገያ ቤቶችና በሕዝብ ማመላለሻ ውስጥ ማጨስን ይከለክላል። ክልከላው ከእነዚህ ቤቶች በርና መስኮት እስከ 10 ሜትር ርቀት ይደርሳል። ስለዚህ በየካ ክፍለ ከተማ ከመገናኛ ወደ ኮተቤ የሚሄድ ታክሲ ተሳፋሪ፣ ሾፌሩ ወይም ረዳቱ ቢያጨስ እንዲያጠፋ መጠየቅ ይችላል። በትምህርት ቤትና በጤና ተቋም ግን ግቢው በሙሉ የተከለከለ ነው።

ተጋላጭነትን መቀነስ

መስኮት መክፈትም ሆነ ማራገቢያ መጠቀም ጭሱን ጨርሶ አያስወግድም። አስተማማኙ መንገድ ቤት ውስጥ ፈጽሞ አለማጨስ ነው። በእንጦጦ ተራራ ግርጌ ባሉ ሰፈሮች ማታ ሲበርድ በርና መስኮት ይዘጋል፤ ቤተሰቡ በአንድ ክፍል የሚያድር ከሆነ ጭሱ እዚያው ይቀራል። የማገዶ ጭስ ባለበት ቤት ደግሞ ጉዳቱ ይደራረባል። እንግዳን «አታጭስ» ማለት ለብዙዎች ይከብዳል፤ ከበርና ከመስኮት ራቅ አድርጎ ውጭ ወንበር ማዘጋጀት ግን ማንንም ሳያስቀይም ልጆችን ይጠብቃል። ዘላቂው መፍትሔ አጫሹ ማጨስ ማቆሙ ነው።