ያውቁ ኖሯል? ልጅዎ ድልድይ ሲሠራ እየለካ ነው

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ በቆሎ ተፈልፍሎ የሚቀረው ቆረቆንዳ፣ ምድጃ ከመግባቱ በፊት የልጆች መጫወቻ ነው። ይደረደርና በረት ይሆናል፤ የጭቃ በሬዎች ይገቡበታል።

አሜሪካዊቷ የሕፃናት አስተማሪ ሃርየት ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 በታተመ ጽሑፏ ልጆች እንዲህ ሲገነቡ የሚከተሉትን ቅደም ተከተል አሳይታለች፦ መጀመሪያ ቁሱን ተሸክመው ይዞራሉ፤ ቀጥለው ይደረድራሉ፣ ይቆልላሉ፤ ከዚያ ድልድይ ያበጃሉ፣ ያጥራሉ። ድልድዩን ልብ ብለው ይዩት። አንዲት ትንሽ ልጅ ሁለት ድንጋይ አቁማ ጠፍጣፋውን በላያቸው ልታጋድም ስትል ይወድቅባታል። ታነሳዋለች፤ እንደገና ይወድቃል። በመጨረሻ ወይ ድንጋዮቹን ታቀራርባለች፣ ወይ ረዘም ያለ ትፈልጋለች። ገና መደመር ሳትማር ርቀትን ከርዝመት ጋር እያመዛዘነች ነው። እባክዎ፣ ፈጥነው አያስተካክሉላት!

«ኦ ክፍል» ለሚያስተምሩ፦ የሚገዛ መጫወቻ ከሌለ ከአናጺ ቤት የተረፈ ጣውላ ይበቃል። ዋናው ቀለሙ ሳይሆን መጠኑ ነው። አሜሪካዊቷ አስተማሪ ካሮላይን ፕራት በኒውዮርክ ያስተዋወቀቻቸው፣ ዛሬም በየአገሩ የሚሠራባቸው የእንጨት ቁራጮች ርዝመታቸው በእጥፍ እየጨመረ የሚሄድ ነው፤ 7፣ 14 እና 28 ሳንቲሜትር ገደማ ቢቆረጡ ይሆናል። ሁለት አጭር ጎን ለጎን ሆነው ከአንድ ረጅም ጋር ሲተካከሉ፣ ልጁ ግማሽ ምን እንደሆነ በእጁ ይዞ ያየዋል። ጠርዙን ግን በብርጭቆ ወረቀት በደንብ ያለስልሱት፤ ስንጥር ልጆቹን እንዳይወጋቸው።