በአሮጌ የጭቃ ቤት ላይ ክፍል ስለ መጨመር

ዛሬ በሸገር ከተማ በተጠቃለሉት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ፣ በብሎኬት ቤቶች መካከል አሮጌ የጭቃ ቤቶች ይታያሉ። ቤተሰብ ሲበዛ ባለቤቱ ወይ ቤቱን ያፈርሰዋል፣ ወይ በጎኑ ክፍል ይጨምርበታል። ሁለተኛው መንገድ ወጪ የሚቀንስና የአባቶችን ሥራ የሚጠብቅ ነው፤ ነገር ግን ዘዴው ካልታወቀ አዲሱ ክፍል አሮጌውን ቤት ያፈርሰዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ምክንያቱንና መፍትሔውን ማስረዳት ነው።

አስቀድሞ የጭቃ ቤት እንዴት እንደሚቆም መረዳት ይገባል። የጥድ ወይም የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ይተከላሉ፤ በማገር ይያያዛሉ፤ ከጭድ ጋር ተቦክቶ የሰነበተ ጭቃ ይመረግባቸዋል። ጣራውን የሚሸከመው እንጨቱ ነው፤ ጭቃው ደግሞ እንጨቱን ይሸፍናል፣ ብርድንም ይከላከላል። ግድግዳው በክረምት የወሰደውን እርጥበት በበጋ መልሶ ያወጣዋል። ስለዚህ እግሩ ደረቅ፣ ታዛውም ሰፊ እስከ ሆነ ድረስ ብዙ ዘመን ይኖራል። ከሱሉልታ በላይ በእንጦጦ አፄ ምኒልክ ያሠሩት ቤተ መንግሥት፣ በድንጋይ፣ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ሆኖ ሳለ፣ እየታደሰ እስከ ዛሬ መቆየቱ ለዚህ ምስክር ነው።

እንግዲህ የጭቃ ቤት ዋና ጠላቱ እርጅና ሳይሆን ውሃ ነው። በሰበታ የምናውቀው አንድ ቤት ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ባለቤቱ አዲስ የብሎኬት ክፍል ሲያስጠጉ የጣራው ውሃ በሁለቱ ቤቶች መካከል እንዲወርድ ሆነ፤ አሮጌው ግድግዳ እንዲያምር በሲሚንቶ ተለሰነ። ልስኑ እርጥበቱን አፍኖ ስለ ያዘው ቋሚዎቹ ከውስጥ በሰበሱ። ከሁለት ክረምት በኋላ ግድግዳው ተነፋ፤ ሽማግሌይቱ እናትም ተወልደው ያደጉበትን ቤት ለቀው ወጡ።

ይህ እንዳይደርስ የሚከተሉትን መጠበቅ ያስፈልጋል።

1ኛ፤ የአዲሱ ጣራ ጫፍ ከአሮጌው ታዛ ሥር ገብቶ ወደ ውጭ ያዘንብል። ውሃው በአሸንዳ ተሰብስቦ በርሜል ውስጥ ቢጠራቀም ለበጋ ያገለግላል።

2ኛ፤ አዲሱ ክፍል በራሱ ቋሚዎች ይቁም እንጂ በአሮጌው ግድግዳ ላይ አይጫን። በተለይ መረሬ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ አሮጌው ቤት ከመሬቱ ጋር ተስማምቶ ሲኖር አዲሱ ግን ገና ይሰምጣል። ሁለቱ ከተጣበቁ አንዱ ሌላውን ይሰነጥቃል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት በቆርቆሮ ቢሸፈን ይበቃል።

3ኛ፤ የአዲሱ ክፍል ቋሚዎች ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ ይቁሙ፤ ምስጥና እርጥበት በቀላሉ አይደርሱባቸውም።

4ኛ፤ አሮጌው ግድግዳ በጭድና በጭቃ ብቻ ይለሰን።

5ኛ፤ ትልቁ መስኮት ወደ ደቡብ ይሁን። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ስለምትውል፣ ብርዱ የሚጠናበትን የሱሉልታን ቤት ቀን ታሞቀዋለች።

ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 መሠረት አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ነው። በ1956 ዓ.ም. በቬኒስ የተሰበሰቡ የሕንፃ ጠበብትም በቅርስ ላይ የሚጨመር ሥራ የዘመኑን መልክ ይዞ ከነባሩ ተለይቶ እንዲታወቅ ወስነዋል።

ከዚህ የምንረዳው፣ አዲሱ ክፍል እንደ መልካም ጎረቤት መሆን እንዳለበት ነው፤ ይጠጋል እንጂ አይደገፍም፤ ውሃውንም ወደ ሌላው ደጅ አይለቅም።