እንዶድ ለልብስ፣ ጠጅ ሳር ለገላ

በእስቴ መካነ ኢየሱስም ሆነ በሌላው ደጋና ወይና ደጋ አገራችን እናቶቻችን ጋቢና ነጠላ በእንዶድ ሲያጥቡ ኖረዋል። የደረቀው ፍሬ ተወቅጦ በውሃ ሲታሽ አረፋ ያወጣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነው ምርምራቸውን የጀመሩት፤ ቢልሃርዚያን የሚያዛምቱት ቀንድ አውጣዎች ናቸውና። ይህ ኃይሉ ግን መርዝነቱም ነው። ቢዋጥ ሰውን ይመርዛል፣ ዓሣም ይፈጃል። «ከዕፅዋት ነው» ተብሎ ገላ ሳሙና ውስጥ መጨመር የለበትም።

ለገላ የሚሆነውን ቤት ውስጥ ለመሥራት፣ ቀልጦ የሚፈሰውን ያልሸተተ ሳሙና መግዛት ይቀላል፤ አስፈሪው ኮስቲክ ሶዳ ከዘይቱ ጋር ቀድሞ ተዋህዷልና። ስንገዛ ግን ከምን ስብ እንደተሠራ እንጠይቅ። ከኮኮናትና ከፓልም ዘይት የሚሠራ አለ፤ ከእንስሳ ስብ፣ ከአሳማም ጭምር የሚሠራ አለ። ሻጩ ካላወቀ ማሸጊያው ላይ ይነበብ፤ ካልተጻፈበት ብንተወው ይሻላል።

ሳሙናውን ከትፈን፣ የፈላ ውሃ ባለበት ድስት ላይ በተቀመጠ ሳህን እናቅልጠው፤ ራሱ ግን አይፍላ። አውርደን ትንሽ በረድ ሲል ለአንድ ኪሎ 10 ግራም ያህል የጠጅ ሳር ዘይት ጨምረን ቅርጽ ማውጫ ውስጥ እናፍስሰው። ጦስኝ መነስነስ ለሚፈልግ የደረቀውን ይጠቀም፤ እርጥቡ ይሻግታል። ሲደርቅ ወዲያው በፕላስቲክ ይጠቅለል፤ ግሊሰሪኑ ከአየር እርጥበት እየሳበ ያልበዋል።