አንድ ምክር በልዩ ልዩ ጆሮ
ስለ ኢሜይል የንግድ ደብዳቤና ስለ ተቀባዮቹ ልማድ

የሰሚውን ልማድ ሳይመረምሩ የሚሰጡት ምክር፥ በራሱ እውነተኛ ቢሆንም እንኳ፥ በአንዱ ዘንድ ተወዶ በሌላው ዘንድ ተንቆ እንደሚቀር የሰውን ባሕል የሚያጠኑ ሊቃውንት ከብዙ ጊዜ ጀምረው አስተውለዋል። ይህ ጽሑፍ ያንኑ ነገር ነጋዴዎች ለደንበኞቻቸው በኢሜይል በሚልኩት ደብዳቤ ረገድ ለማስረዳት የታሰበ ነው። የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለነገሩ ግልጥ ምሳሌ የሚሆነው በፔሩ አገር፥ በኢካ ሸለቆ በምትገኘው በሎስ ሞሊኖስ መንደር የተደረገው ጥናት ነው። አንዲት የጤና ሠራተኛ የመንደሩ ሰዎች ውሃ አፍልተው እንዲጠጡ ሁለት ዓመት ያህል ከቤት ወደ ቤት እየዞረች መከረች። ከ200 ቤተሰቦች መካከል ግን ምክሯን አዲስ የተቀበሉት 11 ብቻ ነበሩ። ኤድዋርድ ዌሊን በ1955 ባሳተመው ጥናቱ ምክንያቱን ሲገልጥ፥ በመንደሩ ልማድ የፈላ ውሃ የሚጠጣው የታመመ ሰው መሆኑን አስረድቷል። እንግዲህ ሠራተኛይቱ «ጤናህን ጠብቅ» ስትል ጤነኛው ሰው የሰማው «እንደ በሽተኛ ጠጣ» የሚለውን ነበር።

በኢሜይል የንግድ ማስታወቂያ መላክ የተጀመረበት ጊዜም ይህንኑ ልዩነት ያሳያል። በ1978 ጋሪ ተርክ የተባለው የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ሠራተኛ፥ አርፓኔት በሚባለው በያኔው የኮምፒዩተር መረብ አማካይነት፥ 400 ለሚያህሉ ሰዎች የአዲስ ኮምፒዩተር ማስታወቂያ በአንድ ጊዜ ላከ። ከተቀባዮቹ አንዳንዶቹ ተቆጥተው አቤቱታ አቀረቡ፤ የመረቡም ኀላፊዎች ድርጊቱን ነቀፉ። ይሁን እንጂ ላኪው ራሱ በኋላ እንደ ተናገረው፥ ያ ደብዳቤ ብዙ ሽያጭ አስገኝቷል። ደብዳቤው አንድ፥ ቃሉም አንድ ሲሆን ፍሬው ግን ሁለት ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ዓይነት ደብዳቤ ምክር የሚሰጡ መጻሕፍትና መምህራን በዝተዋል። ምክራቸው ባጭሩ ሲነገር፥ «ተቀባዩን በስሙ ጥራው፤ በሳምንቱ አጋማሽ ጠዋት ላክለት፤ ደብዳቤህን አታቋርጥ» የሚል ነው። ይህ ምክር በሁለት ጆሮ ያልፋል፤ አስቀድሞ በነጋዴው ጆሮ፥ ቀጥሎም በተቀባዩ ጆሮ።

ነጋዴዎቹ ራሳቸው ምክሩን በአንድ መንገድ አይሰሙትም። ቡና ቆልቶ የሚሸጥ ሰው «በየሳምንቱ ላክ» ሲባል ደስ ይለዋል፤ ዕቃው ቶሎ የሚያልቅ ስለሆነ ማስታወሱ ደንበኛውን ይጠቅማል። አልጋና ቁም ሣጥን የሚሸጠው ግን ያንኑ ምክር ቢፈጽም፥ አልጋ በየሳምንቱ የሚገዛ ሰው ስለሌለ፥ ደንበኛውን ከማሰልቸት በቀር የሚያተርፈው ነገር የለም። ስለዚህ አንዱ ምክሩን ሲያመሰግን ሌላው ቢያማርር ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ወደ ተቀባዩ ሲመጣ ነገሩ ከንግድ ወደ ባሕል ይሻገራል። «በስሙ ጥራው» የሚለው ምክር የበቀለው የማይተዋወቁ ሰዎች እንኳ በመጀመሪያ ስማቸው በሚጠራሩበት በአሜሪካ ነው። በጀርመን አገር ግን በዕድሜ የገፋ የማይተዋወቁት ሰው የሚጠራው በቤተሰቡ ስም ላይ የአክብሮት ቃል ተጨምሮ ነው፤ በመጀመሪያ ስሙ መጥራት የቅርብ ወዳጅ ድርሻ ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ሥርዓት አለ። ሰው የሚጠራው በገዛ ስሙ ሲሆን አክብሮቱ የሚገለጠው «አቶ»፥ «ወይዘሮ» ወይም «ወይዘሪት» በሚለው ቃል ነው፤ ሁለተኛው ስም የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም። ስለሆነም ለሌላ ሕዝብ የተሠራ የኮምፒዩተር መዝገብ ታደሰ ከበደ የተባለውን ሰው አከብራለሁ ብሎ «አቶ ከበደ» ሲለው፥ የጠራው ልጁን ሳይሆን አባቱን ነው። በባሕር ማዶ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን የመሰለ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ይደርሳቸዋል፤ የሚያነበውም ሰው ላኪው እንደማያውቀው ከመጀመሪያው ቃል ይረዳል።

ከስሙ ቀጥሎ የሚመጣው ግሥም ራሱን የቻለ ችግር አለበት። የእንግሊዝኛው ትእዛዝ ለሽማግሌውም ለልጁም፥ ለወንዱም ለሴቲቱም አንድ ነው። በአማርኛ ግን ጸሐፊው «ግዛ»፥ «ግዢ» ወይም «ይግዙ» ከሚሉት አንዱን ሳይመርጥ ብዕሩን ሊያነሣ አይችልም። አረጋዊውን «ግዛ» ቢለው ደፋር ይባላል፤ ወጣቱን «ይግዙ» ቢለው ደግሞ ወጣቱ ደብዳቤው ከመሥሪያ ቤት የመጣ ይመስለዋል። በእንግሊዝኛ የማይታየው ልዩነት በአማርኛ የደብዳቤውን ዕድል ይወስናል።

የጊዜም ነገር እንደዚሁ ነው። «የሳምንቱ አጋማሽ» የሚባለው ሰኞ ሥራ ለሚጀምር ሕዝብ የተነገረ ነው። በእስራኤል የሥራ ሳምንት የሚጀምረው እሑድ ሲሆን ዓርብ ማታ ሰንበት ይገባል። ሳዑዲ ዐረቢያ በ2013 የዕረፍት ቀኖቿን ዓርብና ቅዳሜ አደረገች፤ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ደግሞ በ2022 ወደ ቅዳሜና እሑድ አዛወሩ፥ ዓርብንም የግማሽ ቀን ሥራ አደረጉት። ስለሆነም በሪያድና በዱባይ ለሚሠሩ ደንበኞች በአንድ ቀን የሚላክ ደብዳቤ አንዱን በሥራው ላይ፥ ሌላውን በዕረፍቱ ሊያገኘው ይችላል። ለኢትዮጵያዊ ደግሞ «እስከ 6 ሰዓት» የሚል ቃል እኩለ ቀንን እንጂ የውጭ አገር ሰው የሚያስበውን ማታ አያመለክትም። የጾሙም ወራት አለ። በዋሽንግተን ከተማ የአገር ምግብ የሚሸጥ ሰው በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀኖች የክትፎ ማስታወቂያ ቢልክ፥ የምክሩን ቃል ፈጽሞ የደንበኛውን ልብ ያጣል። የበየነቱን ማስታወቂያ ቢልክ ግን ያው ደብዳቤ መልካም እንግዳ ይሆናል።

በመጨረሻም የፈቃድ ጉዳይ አለ። በአሜሪካ በ2003 የወጣው ሕግ ያለ ቅድሚያ ፈቃድ መላክን አይከለክልም፤ ተቀባዩ «ይብቃኝ» ሲል ግን ላኪው በ10 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲያቆም ያዝዛል። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 ያወጣው መመሪያ ግን፥ ከነጋዴው ጋር አስቀድሞ ከተገበያየ ደንበኛ በስተቀር፥ ለግለሰብ ከመላክ በፊት ፈቃዱን መጠየቅ ይገባል ይላል። በዚህ ምክንያት «አድራሻ የምታገኘውን ያህል ሰብስበህ ላክ» የሚል ምክር በአንዱ አገር ትጋት ሲባል በሌላው ጥፋት ይሆናል። «ሳይጠሩት አቤት፥ ሳይልኩት ወዴት» የሚለው የአማርኛ ተረትም ከሁለቱ ሕጎች ወደ ሁለተኛው ያደላል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ምክሩ ሐሰት ነው የሚል አይደለም። በተወለደበት አገር ተፈትኖ የጠቀመ ምክር ነው። ስሕተቱ የአንድን ሕዝብ የአክብሮት፥ የጊዜና የጉርብትና ልማድ የሰው ሁሉ ጠባይ አድርጎ መቍጠሩ ነው። ጕዳቱም በነጋዴው ትርፍ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። ሐኪም ቤቶችና ትምህርት ቤቶችም ዛሬ ቀጠሮና ማስጠንቀቂያ የሚልኩት በዚሁ መንገድ ነው። በአባቷ ስም የተጠራች እናት ደብዳቤው ለሌላ ሰው የተጻፈ መስሏት ብትተወው፥ የሚቀረው የአልጋ ሽያጭ ሳይሆን የልጇ ክትባት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ምክር ተቀባዩ፥ ነጋዴም ሆነ ሹም፥ የሰማውን ከመፈጸሙ በፊት ሦስት ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ይህ ምክር በማን ዘንድ ተፈተነ? እኔ የምጽፍላቸው ሰዎች እርስ በርሳቸው እንዴት ይጠራራሉ? የሚሠሩበት፥ የሚያርፉበትና የሚጾሙበት ቀን የትኛው ነው? መልሱ የሚገኘው ከምክሩ ውስጥ ሳይሆን ከሰዎቹ ከራሳቸው ነው።