በነፋስ ለሚነፋ ጀልባ ወለል ስለ መምረጥ

ጀልባ የሚያስገዛ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ርዝመቱና ስለ ሞተሩ ጕልበት ነው፤ ስለ ወለሉ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ነገር ግን በነፋስ የሚነፋ ጀልባ ጐኑ ሁሉ አየር የተሞላ ቱቦ ስለ ሆነ፥ ሰውና ዕቃ በተጫነበት ጊዜ ቅርጹን የሚያጸናለት ወለሉ ነው። ወለሉ ለታሰበለት ሥራ ያልተስማማ እንደ ሆነ፥ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ጀልባ ከመጋዘን ሳይወጣ ያረጃል፤ ወይም በውሃ መካከል ሳለ በላዩ ያሉትን ሰዎች ለአደጋ ይሰጣል።

ይህ ጉዳይ የባሕር ወደብ ላለው አገር ብቻ የሚነገር አይደለም። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የኦሞ ወንዝ ሞልቶ በዳሰነች ምድር ላይ በፈሰሰ ጊዜ ብዙ ሰው ሞተ፤ እጅግ ብዙ ከብትም ጠፋ፤ ከሞት የተረፉትም በየጕብታው ላይ በውሃ ተከበው ቀርተው ነበር። በፎገራ ሜዳ ርብና ጉማራ፥ በጋምቤላም ባሮ፥ ክረምቱ ሲበረታ ከዳርቻቸው ይወጣሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ መንገዱ እስኪያልቅ በመኪና፥ ከዚያም ወዲያ በሰው ትከሻ ሊሄድ የሚችለው ታጥፎ የሚታሰር ጀልባ ነው። ዓሣ ማስገሩን ለመቈጣጠርና የሐይቅን ውሃ ለመመርመርም ይኸው ዓይነት ጀልባ ያገለግላል።

የወለልን ጥቅም ለማስተዋል የጣናን ታንኳ መመልከት ይበቃል። ታንኳ ከደንገል ታስሮ የሚሠራ ስለ ሆነ ውሃ በደንገሉ መካከል ይገባል፤ ስለዚህ ቀዛፊው ከፍ ተደርጎ በተደላደለ የደንገል እስር ላይ ይቀመጣል። ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ በከበደ ጊዜም ታንኳው ከዳር ወጥቶ ይደርቃል። ያ እስር ሁለት ሥራ አለው፤ ሰውን ከውሃው ይለያል፥ ክብደቱንም ለታንኳው ሁሉ ያካፍላል። በነፋስ የሚነፋ ጀልባ ወለልም ሥራው ይኸው ነው። ሞተር ሲጨመርበት ግን ሦስተኛ ሥራ ይመጣል፤ ይኸውም ሞተሩ ከኋላ ሲገፋ ጀልባው ከወገቡ እንዳይታጠፍ ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው።

ወለሉ በአራት ዓይነት ይከፈላል።

አንደኛው የርብራብ ወለል ነው። ጠፍጣፋ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ በትሮች በጀልባው ውስጥ ወደ ጐን ተደርድረው ይያያዛሉ፤ ጀልባው ሲታጠፍም እንደ ሰሌን አብረው ይጠቀለላሉ። ይህ ወለል ቀላል ነው፥ ዋጋውም ትንሽ ነው፥ ተነጥሎ የሚጠፋ ክፍልም የለውም። ነገር ግን የሚያጸናው ወደ ጐን እንጂ በርዝመቱ ስላልሆነ፥ ጀልባው በማዕበል ላይ ይለመጣል፤ ቆሞ መሥራትም ያስቸግራል። ለመቅዘፊያና ከ2 እስከ 5 የፈረስ ጕልበት ላለው ትንሽ ሞተር፥ ጸጥ ባለ ውሃ ላይ ይበቃል።

ሁለተኛው የሳንቃ ወለል ነው። ውሃ የሚችል ኮምፔርሳቶ ወይም አሉሚኒየም በጥቂት ክፍል ተቈርጦ አንዱ ካንዱ ይጋጠማል፤ በግራና በቀኝም ረዥም ዘንግ ያያይዘዋል። ከሳንቃው በታች በጀልባው ወገብ ላይ አከርካሪ የሚሆን አንድ ቱቦ ይነፋል፤ ይህም ጨርቁን ወደ ታች ስለሚገፋው፥ የጀልባው ሆድ እንደ ማረሻ ሹል ሆኖ ውሃውን ይሰነጥቃል። በዚህ ወለል ላይ ሰው ይቆማል፥ ጆንያ ይጫናል፥ ብርቱ ሞተርም ይሠራል። ጕድለቱ ክብደቱና የሚፈጀው ጊዜ ነው። ያልለመደ ሰው ለመግጠም ግማሽ ሰዓት ሊፈጅበት ይችላል፤ አንዲት ሳንቃ ወይም አንድ ዘንግ ከመጋዘን ከጠፋች የቀረው ሁሉ ሥራ ይፈታል። ደግሞም በሳንቃውና በጨርቁ መካከል የገባ አሸዋ እንደ ሞረድ ጨርቁን ይበላዋል።

ሦስተኛው በአየር የሚጠነክር ወለል ነው። ሁለት ብርቱ ጨርቆች ላይና ታች ሆነው፥ ቍመታቸው እኩል በሆነ በብዙ ሺሕ ክር እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ። አየር ሲገባ ክሮቹ ስለሚይዙት እንደ ፊኛ አይከብም፤ እንደ ገበታ ጠፍጣፋ ሆኖ ይጠነክራል እንጂ። የጐኑ ቱቦ ከ0.2 እስከ 0.25 ባር ግፊት ሲበቃው፥ ይህ ወለል ብዙውን ጊዜ ከ0.6 እስከ 0.8 ባር ይፈልጋል። ስለዚህ ብርቱ ፓምፕና የግፊት መለኪያ ከሌለ ወለሉም የለም እንደ ማለት ነው፤ ግፊቱ ሲጐድል መካከሉ ይሰረጕዳል። ክብደቱ ከሳንቃው ያነሰ ነው፥ ቶሎም ይሰናዳል፥ የሚጋጠም ክፍልም የለውም። ጠላቱ ስለታም ነገር ነው፤ የመንጠቆ ጫፍ፥ የቆሮሶና የአምባዛ እሾህ፥ በጎርፍ የመጣ የግራር ቅርንጫፍም ይበሳዋል።

አራተኛው ሆዱ ከፋይበር ግላስ ወይም ከአሉሚኒየም የተሠራ፥ ጐኑ ብቻ የሚነፋ ጀልባ ነው። የእንግሊዝ የባሕር ነፍስ አድን ማኅበር በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1963 ጀምሮ በነፋስ የሚነፋ ጀልባ ለባሕር ዳርቻ ሥራ አሰማርቶ ነበር፤ በ1972 ግን አትላንቲክ 21 የተባለውን ሆዱ ጠንካራ የሆነውን ጨመረ። ይህ ዓይነት በፍጥነትና በማዕበል ከሁሉ ይበልጣል። ነገር ግን አይታጠፍም፤ በመኪና የሚሳብ ተሳቢና እስከ ውሃው ዳር የሚያደርስ መንገድ ይፈልጋል።

ከአራቱ የትኛው ይሻላል ብሎ በጅምላ መጠየቅ ግን ዋጋ የለውም። በቅድሚያ መታወቅ የሚገባው ጀልባው የት እንደሚቀመጥ፥ ማን እንደሚሸከመውና በስንት ደቂቃ ውስጥ እንደሚፈለግ ነው። ለጎርፍ ጊዜ በወረዳ መጋዘን የሚቀመጥ ጀልባ በአየር የሚጠነክር ወለል ቢኖረው ይመረጣል፤ ምክንያቱም ሳንቃ ሲፈለግና ሲገጣጠም ውሃው የሚወስደውን ከወሰደ፥ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። ሁል ጊዜ መረብና ዓሣ የሚጫንበት፥ በሐይቅ ዳር ተገጥሞ የሚኖር ጀልባ የሳንቃ ወለል ይስማማዋል። ጥሩ መንገድና የጀልባ ማውረጃ ባለበት፥ ዕለት ዕለት ሩቅ ለሚሄድ ቈጣጣሪ ሆዱ ጠንካራ የሆነው ይሻላል። በትንሽ ኩሬና በጸጥተኛ ውሃ ለሚደረግ ምርመራ ርብራቡ ይበቃል። አዞና ጉማሬ ባሉበት፥ እንደ ጫሞ ባለ ሐይቅ፥ ከእነዚህ ወለሎች አንዱም መድን አይሆንም፤ ጉማሬ ከሚውልበት ስፍራ መራቅ ብቻ ነው።

ከደጋ ወደ ቈላ ለሚዘዋወር ጀልባ ደግሞ የአየሩ ነገር ሊታሰብበት ይገባል። ጣና ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ የጋምቤላ ከተማ ከፍታ ግን 500 ሜትር ያህል ነው። በጋምቤላ ተነፍቶ እንዳለ ወደ ጣና የተወሰደ ጀልባ፥ የውጪው አየር እየሳሳ ስለሚሄድ፥ ማንም ሳይነፋው ግፊቱ በ0.14 ባር ያህል ይጨምራል። ይህም ለጐኑ ቱቦ ከተመደበው ግፊት ከግማሽ በላይ ስለ ሆነ ስፌቱን ሊያላቅቅ ይችላል። እንዲሁም በማለዳ ብርድ 0.7 ባር ድረስ የተነፋ ወለል፥ በፀሐይ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ቢጨምር 0.8 ባር ይደርሳል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ይቀንሳል። ስለዚህ አየሩን ከጕዞ በፊት ማስተንፈስ፥ ጀልባው ውሃ ላይ ካረፈ በኋላም እንደ ገና መለካት ያስፈልጋል።

ጀልባውን የሚረከብ ሹም በጀልባው ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ ያንብብ። የሰውና የክብደት ልክ፥ የሞተሩም ከፍተኛ ጕልበት በዚያ ተጽፏል፤ አይ.ኤስ.ኦ. 6185 የተባለው ደንብ የሚመለከተው ይህን ዓይነት ጀልባ ነው። ከሰሌዳው በላይ የሆነ ሞተር ማሰር ወለሉን መስበር ነው። ከጀልባው ጋርም ፓምፑን፥ መለኪያውን፥ የመጣፊያውን ጨርቅና ሙጫ ቈጥሮ ይረከብ፤ የፒ.ቪ.ሲ. ሙጫ ለሃይፓሎን ጨርቅ፥ የሃይፓሎንም ሙጫ ለፒ.ቪ.ሲ. አይሆንም። ከሥራ በኋላ ጀልባው በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፥ አሸዋው ተራግፎ፥ ፈጽሞ ደርቆ ይታጠፍ፤ ፀሐይና አይጥ ከማይደርሱበትም ስፍራ ይቀመጥ።

ከዚህም ሁሉ ጋር በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ፥ በግንቦት ወር፥ ጀልባውን በጎርፍ ጊዜ የሚያሰማሩት ሰዎች ራሳቸው ከመጋዘን አውጥተው ያዘጋጁት። ከእስሩ መፈታት ጀምሮ ውሃ ላይ እስኪያርፍ የፈጀው ደቂቃ ይጻፍ፤ ወለሉም ተነፍቶ ወይም ተገጥሞ አንድ ሌሊት ይደር፥ በማግሥቱም ግፊቱ ይለካ። በግንቦት የታወቀ ቀዳዳ በአንድ ቍራጭ ጨርቅ ይደፈናል፤ በነሐሴ በጎርፍ መካከል የተገኘ ቀዳዳ ግን የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።